ለንባብ ቀን ልጅን ማዘጋጀት፦ ደብዳቤው ከመጣበት ቀን እስከ መድረኩ

«ቲቸር፣ ልጄ ምን ይዛ ትምጣ?»

የንባብ ቀን ደብዳቤ ወደ ቤት በተላከ ማግስት የትምህርት ቤቱ በር ላይ የምሰማው ይህንኑ ነው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ጥያቄው በየዓመቱ ያው ነው፤ መልሱም ያው ነው። በር ላይ ቆሜ ለእያንዳንዱ ወላጅ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መመሪያው ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ነው። አስር ቀን ይበቃል፣ በቀን አስር ደቂቃ። እናንተ ማንበብ ባትችሉም ይሠራል፤ እንዴት እንደሆነ በየቦታው እነግራችኋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል። ልጁ መድረክ ላይ የሚወጣው ሊያነብ ነው፣ የሸመደደውን ሊያነበንብ አይደለም። አምና አንድ ተማሪዬ መጽሐፉን ከፍቶ ጥሩ አድርጎ ጀመረ። መሃል ላይ ነፋስ መጣና ገጹን ገለበጠው። እሱ ግን ቀጠለ። ዓይኑን ሌላ ገጽ ላይ ተክሎ የቀድሞውን ገጽ አንድ ቃል ሳያዛንፍ ጨረሰው። ወላጆች ሳቁ። ለምን እንደሳቁ አልገባውም። እናቱ ስንት ማታ አጠገቡ ቁጭ ብላ እንዳስጠናችው አውቃለሁ። ያ ሁሉ ማታ ለንባብ ውሎ ቢሆን ኖሮ ነፋሱ ምንም አያመጣም ነበር።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ አጭር ጽሑፍ። ከየት እንደሚገኝ ደረጃ 2 ላይ አለ።
- ሁለት ሦስት ሉክ ነጭ ወረቀት። ከሌለ ከደብተር መሃል የወጣ ሉክም ይሆናል።
- እርሳስ፣ ላጲስ፣ አንድ ጥቁርና አንድ ቀይ እስክሪብቶ።
- ከፓስታ ወይም ከብስኩት ካርቶን የተቆረጠ፣ ማስመሪያ የሚያህል ቁራጭ።
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ። ባይኖርም ይቻላል።
- ወረቀቱ የሚገባበት ላስቲክ። የበልግ ሰሞን ዝናብ ከሰዓት በኋላ አይታመንም።
- የሚሰማ ሰው። አያት፣ ጎረቤት፣ ታናሽ እህት፣ ማንም። ከዚህ ሁሉ ዋናው ይኼ ነው።

አዲስ የሀበሻ ቀሚስ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ረስቼው አይደለም።

ደረጃ 1፦ ደብዳቤውን እስከ ታች አንብቡት

ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከቦርሳው ሥር፣ ከምሳ ዕቃው በታች ተጨማድዶ ነው። አውጡትና አራት ነገር ፈልጉበት፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ልጁ የሚያነበው ለብቻው ይሁን በቡድን፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ። ሚያዝያ 15 ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ ቀን ስለሆነ እኛ እሱን ተጠግተን ነው የምናደርገው። ፋሲካም ከዚያው ሰሞን አይርቅም። ለበዓል ክፍለ ሀገር የምትሄዱ ከሆነ አስሩን ቀን ከመሄዳችሁ በፊት ቁጠሩት፤ ከጉዞ የተመለሰ ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ እንጂ ንባብ አይሆንለትም።

ከታች ተቆርጦ የሚመለሰውን ወረቀት ፈርማችሁ በማግስቱ ላኩ። የመድረኩን ተራ የምናወጣው እሱን አይተን ነው። ወረቀቱ ያልተመለሰለት ልጅ መጨረሻ ላይ ይገባል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ታክሲ ፍለጋ ወጥቷል፤ ልጁ ለባዶ ወንበር ያነባል።

የሰዓት ለውጥ ካለ የክፍሉ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። «እንኳን አደረሳችሁ» በሚሉ አበባዎች መሃል ስለሚጠፋ ፒን የተደረገውን እዩ። ቴሌግራም የሌላችሁ ጠዋት ልጅ ስታደርሱ በሩ ላይ የተለጠፈውን ተመልከቱ፣ ወይም ዘበኛውን ጠይቁ። የእኛ ዘበኛ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚያውቀው።

ደረጃ 2፦ ለልጁ አቅም የሚሆን ጽሑፍ ምረጡ

ርዝመቱ ለ1ኛ ክፍል ከ4 እስከ 5 ዓረፍተ ነገር፣ ለ2ኛ ክፍል ከ8 እስከ 10፣ ለ3ኛና ለ4ኛ አንድ ገጽ ነው። ከሁለት ደቂቃ እንዳያልፍ። 40 ልጅ ሁለት ሁለት ደቂቃ ሲያነብ 80 ደቂቃ ነው፤ በዚያ ላይ ንግግር አለ፣ መዝሙር አለ። አንዳንዴ የወላጅ ኮሚቴ ስብሰባም እዚያው ይጠራል።

ክብደቱን በጣት ለኩ። ልጁ ጽሑፉን አንዴ ጮክ ብሎ ያንብብ። ያቃተው ቃል በመጣ ቁጥር አንድ ጣት እጠፉ። ሳይጨርስ አምስቱም ከታጠፉ ከብዶታል፤ ቀይሩለት። አንድም ካልታጠፈ የሚሠራው ነገር የለውም፤ ትንሽ ጠንከር ያለ ፈልጉ። ሁለት ሦስት ጣት ልክ ነው። ይህን የምለው አለምክንያት አይደለም። ልጅ ወደ ሽምደዳ የሚገባው ጽሑፉ ሲከብደው ነው። ፊደሉ እንቢ ሲለው ጆሮውን ይጠቀማል።

ጽሑፉ ከየት ይገኛል? በእጃችሁ ያለው የመማሪያ መጽሐፉ ነው፤ ገና ያልተማሩትን ምንባብ ምረጡ። የክፍሉ የንባብ ጥግ ላይ የተረት መጻሕፍት አሉ፤ ልጁ ሲጠይቅ አስፈርመን እንሰጣለን። ስልክና ዳታ ያለው ሰው አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በአማርኛ የተዘጋጁ የልጆች ታሪኮችን በነፃ ያገኛል። 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም የልጆች ክፍል አለው፤ ግን ከእኛ ሰፈር ሩቅ ስለሆነ ለዚህ ብቻ ብላችሁ አትሂዱ፣ ቅዳሜ ወደዚያ የሚያደርሳችሁ ሌላ ጉዳይ ካለ ጎራ በሉ።

እኔን ካማከራችሁኝ ግን የአያት ተረት ምረጡ። አያት ትናገራለች፣ ታላቅ ልጅ ወይም እናንተ ትጽፋላችሁ፣ አንባቢው ያነባል። ቃሉን ጆሮው ስለሚያውቀው ፊደሉ ላይ ብቻ ነው የሚታገለው። ሌላም ጥቅም አለው። ልጁ መድረኩ ላይ «ተረት ተረት» ሲል ወላጁ ሁሉ በአንድ ድምፅ «የላም በረት!» ይላል። ፍርሃቱ እዚያው ላይ ይለቀዋል። አይቼዋለሁ።

ቤታችሁ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ከሆነ ልጁ በዚያ ማንበብ ይችል እንደሆነ አስተማሪውን ጠይቁ። ጥያቄው ግን ፕሮግራሙ ከመውጣቱ በፊት ይምጣ።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ እናንተ አንብቡለት

ብዙ ቤት የሚዘለለው ይህ ደረጃ ነው። «እሱ ነው የሚያነበው፣ እኔ ለምን አነባለሁ?» ይሉኛል። ምክንያቱ ይኸውላችሁ።

ፊደላችን የቱ ድምፅ እንደሚጠብቅና የቱ እንደሚላላ አያሳይም። «በጉ ነገ ይበላል» የሚለውን እዩ። «በ»ን ካላላነው በጉ ነገ ሣሩን ይበላል። ካጠበቅነው በጉ ነገ ወጥ ነው። «ገና ነው» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ እዚሁ አለ። እኛ ትልልቆቹ ከዓረፍተ ነገሩ ስለምንገምት አይታወቀንም። ልጁ ግን ፊደል በፊደል ነው የሚሄደው። 231ዱንም ፊደል ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ቢለይ እንኳ ይቺን ገጹ አይነግረውም። የሚነግረው የሰው ድምፅ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ስለ ነብር ታነባለች። «ነብሩ አለ» የሚለው ጋ ስትደርስ አጠበቀችው። ቀና ብላ በሩን አየች። ክፍሉ በሙሉ በሩን አየ። ከዚያ ቀጥሎ ነብሩ የተናገረው ነገር ስለመጣ ግራ ገባት፤ ወደ ኋላ ተመልሳ አላልታ አነበበችውና ሳቀች። እንዲህ ያለችው ልጅ እያነበበች ነው። የሸመደደ ልጅ በሩን አያይም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ. ጎን ለጎን ተቀመጡ። እናንተ እንደምትናገሩት አድርጋችሁ አንብቡ፣ እያዜማችሁ አይደለም። ልጁ በካርቶኑ ቁራጭ መስመሩን ይከተል።

ለ. ቀጥሎ አብራችሁ፣ በአንድ ድምፅ።

ሐ. ቀጥሎ እሱ ብቻውን። የላላውን ያጠበቀበት፣ የጠበቀውን ያላላበት ቃል ካለ አስታውሱት። ትርጉሙን የሚለውጡትን ብቻ ያዙ፤ ሦስት አራት ቢሆኑ ነው። መጥበቅ ያለበት ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አድርጉ።

ነጥቡን የትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ እንዳታደርጉት፣ አደራ። የሚደረገው ደረጃ 4 ላይ በምትገለብጡት ወረቀት ነው።

ቤት ውስጥ የሚያነብ ከሌለ የገጹን ፎቶ በቴሌግራም ለአስተማሪው ላኩና ድምፅ እንዲቀዳላችሁ ጠይቁ። እኔ ማታ ማታ ስንቱን እንደምቀዳ! ልጁ ድምፁን እየሰማ በጣቱ ይከተላል። ሦስት ጊዜ ከሰማ በኋላ ስልኩን አጥፉት፤ ከዚያ ካለፈ ያው ሽምደዳ ነው።

ደረጃ 4፦ ጽሑፉን በትልቁ ገልብጡ

በሉኩ ላይ፣ በጥቁር እስክሪብቶ፣ አንድ መስመር እየዘለላችሁ ጻፉ። ቃል መሃል ላይ ተቆርጦ ወደ ሚቀጥለው መስመር እንዳይሄድ። መስመሩን የምትጨርሱት ልጁ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ላይ ይሁን። ነጠላ ሰረዙንና አራት ነጥቡን በቀይ ድገሙት፦ ነጠላ ሰረዝ ላይ አጭር ትንፋሽ፣ አራት ነጥብ ላይ ረጅም። ልጆች አራት ነጥብ ላይ ሳይቆሙ የሚያልፉት ስለማያውቁት አይደለም፣ ስለማያዩት ነው።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? መድረኩ ሜዳ ላይ ነው። ፀሐይ ያንፀባርቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ማይኩን ለመያዝ አንድ እጅ ይሄዳል። የመጽሐፍ ደቃቅ ጽሑፍ በዚህ ሁሉ መሃል አይታይም። አንድ ሉክ ደግሞ ነፋስ አይገልጠውም።

ስትገለብጡ «ሠ»ን ከ«ሰ»፣ «ሐ»ን ከ«ሀ» እያምታታችሁ እንደሆነ ከተጨነቃችሁ ተዉት። ለንባብ ድምፃቸው አንድ ነው።

ደረጃ 5፦ በቀን አስር ደቂቃ፣ ከዚያ አይለፍ

ከእራት በፊት ይሁን። ከእራት በኋላ ልጁም ይደክመዋል፣ እናንተም ትደክማላችሁ፤ የደከመ ወላጅ ይቆጣል። ሁለት ጊዜ ያነባል፣ በቃ። መጫወት ከፈለገ ልቀቁት።

አራሚነታችሁ ላይ ተጠንቀቁ። ቃል ሲይዘው በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ላይ ራሱ ያገኘዋል። ካላገኘው ቃሉን ንገሩት፣ ይድገመው፣ ይቀጥል። «አይደለም!» እያላችሁ በየቃሉ ካስቆማችሁት ዓይኑ ከወረቀቱ ተነስቶ ፊታችሁን ማየት ይጀምራል፤ መልሱ እዚያ ያለ ይመስለዋል።

አንድ ዓይነት ፊደል ላይ ደጋግሞ ከተሳሳተ ከጽሑፉ አውጥታችሁ ለብቻ ሥሩበት። የእኔ ክፍል ልጆች የሚያምታቱት «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ደ»ን ከ«ጀ»፣ «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» ነው። ልዩነታቸው አናታቸው ላይ ያለች ሰረዝ ናት። ጥንዶቹን ትንንሽ ወረቀት ላይ ጻፉና እየገለበጣችሁ አጫውቱት፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

አራተኛው ቀን ላይ በስልክ ቅዱት፣ ስምንተኛው ቀን ላይ ደግሞ ቅዱት። ሁለቱን አከታትላችሁ አሰሙት። «ጎበዝ» ከምትሉት ይልቅ የራሱ ድምፅ ነው የሚያሳምነው።

ደረጃ 6፦ የገባው መሆኑን እዩ

ወረቀቱን አስቀምጦ በራሱ አባባል ለአያቱ ይንገራት። ከዚያ አንድ ጥያቄ፦ «ለምን እንደዚያ አደረገ?» የገባውን ነገር የሚያነብ ልጅ ድምፁ ራሱ ከፍና ዝቅ ይላል። እጅ ማወናጨፍ ማስተማር አያስፈልግም።

ደረጃ 7፦ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ

የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ቆሞ ያንብብ። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ኮሪደሩ ጥሩ ነው፦ እሱ አንዱ ጫፍ፣ አድማጩ ሌላው ጫፍ። አድማጩ ያልሰማው ነገር ሲኖር እጁን ያነሳል። ልጁም ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ጎረቤት ቢወጣ ደስ ይበላችሁ፤ ተመልካች ተጨመረላችሁ።

ወረቀቱ ደረቱ ላይ ይሁን እንጂ ፊቱን አይሸፍን። ለማይክ ልምምድ ማንኪያ ይበቃል። ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ከተጠጋ ይጮህበታል፣ ልጁም ደንግጦ ያቆማል። ያለ ማይክም ይልመድ። መብራት ሲሄድ ፕሮግራሙ አይቆምም።

ደረጃ 8፦ የዕለቱ ዕለት

ጠዋት አንዴ ያንብብ። ደግሞ አንድ ጊዜ አትበሉት። ቁርስ ይብላ፣ ሽንት ቤት ይሂድ፣ ወረቀቱ በላስቲኩ ውስጥ መሆኑን እዩ። ንጹሕ ዩኒፎርም ይበቃል። ጃኬት ያዙ።

ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ደብዳቤው 2:30 ካለ በ2:00 እዚያ ሁኑ። ዝናብ አድሮ ከሆነ የታክሲ ሰልፉና ጭቃው ከዚያም በላይ ያዘገያችኋል። ልጁ መድረኩን ባዶውን ማየት አለበት፤ ቆሞበት ይውረድ። መጀመሪያ ሲያየው ሰው ከሞላበት ይደነግጣል።

ቪዲዮ የምትቀርፁ ተቀምጣችሁ ቅረፁ፤ ከኋላችሁ ያለችው እናትም ልጇን ማየት ትፈልጋለች። የሌላ ሰው ልጅ ያለበትን ቪዲዮ ወላጁን ሳትጠይቁ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ብር መለጠፍ። አንድ አባት ደስታውን መቆጣጠር አቅቶት ልጁ እያነበበች ሳለ መድረክ ወጥቶ ግንባሯ ላይ መቶ ብር ለጠፈላት። ብሩ ወደ ዓይኗ ወረደ። መስመሩ ጠፋባት። እንደገና ከመጀመሪያ ጀመረች፣ አባትየውም እንደገና ሊወጣ ሲል ያዝነው። ሽልማት ካለ ቤት።

ጽሑፉን በዋዜማው መቀየር። «ይሄ አጭር ነው፣ የእገሌ ልጅ ሁለት ገጽ ነው የምታነበው» ተብሎ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አዲስ ጽሑፍ የተሰጠው ልጅ ጠዋት እያለቀሰ ነው የሚመጣው።

ከታላቅ እህቱ ጋር ማወዳደር። ይህንን ማብራራት አለብኝ?

አዲስ ጫማ። እግር የሚቆርጥ ጫማ አድርጎ የቆመ ልጅ ስለ ጫማው ነው የሚያስበው።

ማስጠንቀቂያ

ልጁ ወረቀቱን አፍንጫው ሥር የሚያመጣ ከሆነ፣ ወይም ራሱን እንደሚያመው እየነገራችሁ ከሆነ፣ ልምምዱን አቁሙና ዓይኑን አስመርምሩ። ስንፍና መስሏችሁ የተቆጣችሁበት ነገር የመነጽር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በእኔ ክፍል ሁለት ልጆች እንዲህ ሆነው አግኝቻለሁ።

የሚንተባተብ ወይም መድረክ ሲባል ሆዱን የሚያመው ልጅ ካላችሁ ቀደም ብላችሁ ለአስተማሪው ንገሩ። ከጓደኛው ጋር እየተቀባበለ ማንበብ ይችላል፣ ወይም ከወንበሩ ሳይነሳ። የሚንተባተበውን ልጅ ቃሉን እየቀደማችሁ አትጨርሱለት፤ ጠብቁት። በግድ ግን ማንም አይውጣ።

ዝናብ ከመጣ ወደ ክፍል እንገባለን። ወንበር ስለማይበቃ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ቢመጣ ጥሩ ነው፤ ሕፃን የታቀፈች እናት በሩ አጠገብ ትቀመጥ።

ከንባብ ጥጉ የተዋሳችሁትን መጽሐፍ በማግስቱ መልሱ። ከአብዛኛው ያለን አንድ ቅጂ ነው። ሦስተኛ ክፍሎች ወረፋ እየጠበቁ ነው።